ጉልበት ሲጎዳ በምን ይታይ? እጅ፣ ራጅ፣ ኤምአርአይ ወይስ አርትሮስኮፒ

ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ሀዋሳ ውስጥ ምክር አያጣም። የሰፈር ጓደኛ «ወጌሻ ጋ እንውሰድህ» ይላል። እህት «ቶሎ ራጅ ተነሳ» ትላለች። ጂም አብሮት የሚሰራው «ኤምአርአይ ካልታየ ምንም አይታወቅም» ብሎ ይምላል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደግሞ «በካሜራ ገብተው አይተው እዚያው ይጠግኑታል» የሚል ወሬ ያደርሳል። ሁሉም ተቆርቋሪ ናቸው። ግን እነዚህ ነገሮች አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም። የሚያሳዩት ይለያያል፣ ዋጋቸው ይለያያል፣ ሊያስከትሉ የሚችሉት ጣጣም ይለያያል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለጅማትና ለልም አጥንት ጉዳት ከሁሉም የሚቀድመው የሠለጠነ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት እጅ ነው። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው መልሱ ቀጣዩን እርምጃ የሚቀይር ከሆነ ነው። አርትሮስኮፒ፣ ያ «በካሜራ ገብተው» የተባለው፣ ደግሞ ምን መጠገን እንዳለበት ከታወቀ በኋላ የሚገባበት ቀዶ ጥገና ነው፤ «እስቲ ገብተን እንይ» የሚባልበት ዘመን አልፏል። ብዙ ቤተሰብ ይሄን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ብሩን ኤምአርአይ ላይ ይጨርስና ለፊዚዮቴራፒ የሚከፍለው ያጣል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ጉልበት

ከምርጫው በፊት ምርጫ የሌለባቸውን እንለይ። ቅርጹ ከቦታው የወጣ ጉልበት፣ በተለይ ከሞተር ወይም ከባጃጅ አደጋ በኋላ፣ ድንገተኛ ጉዳይ ነው። ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ትልቅ የደም ቧንቧ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ እግሩን ለማትረፍ ያለው ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነው። ጉልበቱ ራሱ ወደ ቦታው ተመልሶ ደህና ቢመስል እንኳ የደም ዝውውሩ መታየት አለበት። የሚያቃጥል፣ ያበጠና ትኩሳት ያመጣ ጉልበትም እንደዚያው ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ያበላሸዋል። እነዚህን ይዞ ሰዉ «ሪፈራል» ወደሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በዚያው ቀን።

ስለ ወጌሻም በቅንነት ልበል። ብዙዎች የሚያምኗቸው ሰዎች ናቸው፤ የተሳሰረ ጡንቻ በማሸት የሚፍታታበት ጊዜም አለ። ትኩስ ያበጠ ጉልበትን ማሸት ግን እብጠቱንና መድማቱን ያባብሳል። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ የደረሰባቸው ታካሚዎች በአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ አይታሰር፣ አይታሽ። እግሩን ከፍ አድርጎ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይዞ፣ ሐኪም ጋ መድረስ ይሻላል።

እጅና ጥያቄ፦ ርካሹና የተናቀው ምርመራ

ጉልበት ውስጥ አራት ዋና ዋና ጅማቶች አሉ። ሁለቱ መሃል ላይ ተሻግረው የሚተላለፉት የፊትና የኋላ መስቀለኛ ጅማቶች ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ግራና ቀኝ የሚይዙት የጎን ጅማቶች ናቸው። በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ለስላሳ ልም አጥንቶች ተቀምጠዋል። የአጥንቶቹ ጫፍ ራሱም በሚያንሸራትት ልም አጥንት የተሸፈነ ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደተጎዳ የሰውየው ታሪክ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል።

ለምሳሌ ማንም ሳይነካው፣ በሩጫ ላይ አቅጣጫ ሲቀይር ጉልበቱ የተጠማዘዘ ተጫዋች እንውሰድ። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ ይላል። ጨዋታውን መቀጠል አልቻለም። ጉልበቱ በዚያው ቀን፣ በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ አበጠ። ይሄ ታሪክ ብቻውን የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን በጣም ያስጠረጥራል፤ በፍጥነት የሚመጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ደም ነውና። እብጠቱ በማግስቱ ቀስ ብሎ ከመጣ፣ ቁጢጥ ሲሉ ወይም ሲዞሩ የሚወጋ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሜኒስከስ ይሄዳል። «ጉልበቴ ይከዳኛል» የሚል ሰው የጅማት ችግር ሊኖረው ይችላል። «ተቆልፎ አልዘረጋ አለኝ» የሚል ደግሞ የተቀደደ ሜኒስከስ መሃል ገብቶ አግዶት ሊሆን ይችላል። ታቦር ተራራ ወጥቶ ሲወርድ ብቻ ከፊት ለፊት የሚያመው፣ አደጋም ያልነበረው ሰው ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሎሚው (ከጉልበት ፊት ለፊት ካለችው ክብ አጥንት) ጋር የተያያዘ ነው። መፍትሔውም በአብዛኛው የጭን ጡንቻ ማጠንከር ነው።

ከዚያ እጁ ይመጣል። የፊት መስቀለኛ ጅማትን ለመፈተን ከሁሉም የሚታመነው ላክማን የሚባለው ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል። ሐኪሙ በአንድ እጁ ከጉልበት በላይ ያለውን ጭን አጥብቆ ይይዛል፤ በሌላው እጁ ቅልጥሙን ከላይ በኩል ይዞ ወደ ፊት ይስባል። ጤነኛ ጅማት ትንሽ ይለቅና ድንገት ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ያ መያዝ ለእጅ በግልጽ ይሰማል። የተበጠሰ ከሆነ ቅልጥሙ ይንሸራተታል፣ መጨረሻው ልል ይሆናል። ጤነኛው እግርም መፈተን አለበት፤ በተፈጥሮው ልል መገጣጠሚያ ያለው ሰው ብዙ ነው። ሐኪማችሁ ሁለቱንም ጉልበት ሳይነካ የኤምአርአይ ወረቀት ከጻፈ «ዶክተር፣ እባክዎ አንዴ ይፈትሹልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ይሄ ምርመራ ደካማ ጎን አለው። ትኩስ ያበጠና የሚያም ጉልበት ራሱን ያደነድናል፤ ጡንቻው አላስነካ ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ምንም የለም» ወይም «አልታወቀም» ቢባል የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ እብጠቱ ቀለል ሲል፣ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይቺን ሁለተኛ ቀጠሮ ያልፋታል። እኔ ግን ከሁሉም ምርመራዎች በላይ የምመክራት እሷን ነው። ወጪዋ የካርድና የባጃጅ ነው።

ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ

ራጅ ጅማትና ሜኒስከስ አያሳይም። «ራጁ ንጹህ ነው» ማለት አጥንት አልተሰበረም ማለት ነው እንጂ ጉልበቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። በዚህ የተሳሳቱ ልጆች ወደ ሜዳ ተመልሰው ሜኒስከሳቸውን ጨምረው ይጎዳሉ።

ሁሉም የተጎዳ ጉልበት ራጅ አያስፈልገውም። ካናዳውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጡት የኦታዋ የጉልበት መመሪያ የሚባል አለ፤ እስካሁን ይሰራበታል። ከአደጋ በኋላ ዕድሜው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሎሚው ላይ ብቻ ሲነካ የሚያመው፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው የቀጭኗ አጥንት ራስ ስትነካ የሚያመው፣ ጉልበቱን 90 ዲግሪ ማጠፍ ያልቻለ፣ ወይም በአደጋው ሰዓትም ሐኪም ጋ ሲደርስም አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው ራጅ ይነሳ ይላል። አንዱ ብቻ ቢኖር ይበቃል።

ራጅ አንዳንዴ በተዘዋዋሪ ስለ ጅማት ይናገራል። ከቅልጥም አጥንት የላይኛው የውጭ ጠርዝ ላይ የተቦጨቀች ትንሽ የአጥንት ስንጣሪ ከታየች፣ የፊት መስቀለኛው ጅማት አብሮ መበጠሱ አይቀርም ማለት ይቻላል። ይቺን ስብራት ፈረንሳዊው ሐኪም ሴጎንድ እ.ኤ.አ. በ1879 ነው የገለጻት። ዕድሜው ገፋ ላለ ሰው ደግሞ ራጁ ቆሞ ይነሳ። ተኝተው ሲነሱት በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ይመስላል። ቆመው ሲነሱት ልም አጥንቱ ምን ያህል እንዳለቀ ይገመታል። ብዙ ቦታ ካልጠየቃችሁ አስተኝተው ነው የሚያነሱት፤ ጠይቁ።

አልትራሳውንድ ከቆዳ ስር ቅርብ ላለው ነገር ጥሩ ነው። የጎን ጅማቶችን፣ የሎሚውን ጅማት፣ ከጉልበት ጀርባ የሚያብጠውን የውሃ ከረጢት፣ ውስጥ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። መስቀለኛ ጅማትንና የሜኒስከስን ጥልቅ ክፍል ግን በአስተማማኝ አያሳይም። «በአልትራሳውንድ መስቀለኛ ጅማትህን አየነው፣ ደህና ነው» ከተባላችሁ አትርኩ። ሲቲ ስካን የተወሳሰበ የአጥንት ስብራትን ለማቀድ ይጠቅማል፤ ለጅማት ጥያቄ ገንዘብ አታውጡበት።

ኤምአርአይ፦ ብዙ የሚያሳይ፣ ሁሉን የማይናገር

ኤምአርአይ ጅማትን፣ ሜኒስከስን፣ ልም አጥንትንና የአጥንትን ውስጥ ምት በአንድ ላይ የሚያሳይ ብቸኛው ፎቶ ነው። ጨረር የለውም፣ የሚሰራው በማግኔት ነው። ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ የፊት መስቀለኛ ጅማትን ከ10 ውስጥ በ9 ያህሉ በትክክል ያገኘዋል። የውስጠኛውን ጎን ሜኒስከስም በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። በውጭኛው ጎን ያለው ግን የበለጠ ያመልጠዋል፤ በከፊል የተቀደደ ጅማትና ትንንሽ የልም አጥንት ቁስልም ያመልጡታል።

ማሽን ከማሽን ይለያያል። ጥንካሬው የሚለካው በቴስላ ነው። 1.5 ቴስላ ለጉልበት በቂ ነው። ከ0.5 በታች የሆኑት፣ ብዙዎቹ ጎናቸው ክፍት የሆኑ፣ ምስላቸው ደብዘዝ ይላል፤ በተለይ ልም አጥንት ላይ። ስለዚህ ማዕከሉ ጋ ስትደውሉ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። «ስንት ቴስላ ነው? የጉልበት ኮይል አለው? ሲዲውን ትሰጣላችሁ?» በሉ። ኮይል ማለት ጉልበቱ ላይ የሚገጠመው ምልክት ተቀባይ ነው፤ ምስሉ ጥርት የሚለው በእሱ ነው። ማሽኑ እየሰራ መሆኑንም በዚያው አረጋግጡ። ጉልበት ለማየት አብዛኛውን ጊዜ በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት አያስፈልግም። እሱ ደረሰኙ ላይ ከተጨመረ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ምርመራው ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ድምፁ ከባድ ነው፣ የጆሮ መሸፈኛ ይሰጣል፣ እግር መንቀሳቀስ የለበትም። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው አስቀድሞ ይናገር። በብየዳ ሥራ ዓይኑ ውስጥ ብረት የገባበት ወይም ከጦርነት የቀረ ፍንጣሪ በሰውነቱ ያለ ሰውም እንዲሁ። ይሄን የመጨረሻውን ብዙ አባቶች «ድሮ የቆየ ነው» ብለው ሳይናገሩ ያልፉታል። መናገር ግዴታ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኤምአርአይ የሚያነሳው ተኝቶ ዝም ያለን ጉልበት ነው። የቆመ ባጃጅ ፎቶ አይቶ መሪው መንገድ ላይ ይይዛል አይይዝም ማለት ያስቸግራል። በምስሉ ላይ የላላ የሚመስል ጅማት በእጅ ሲፈተን ጠንካራ ሊሆን ይችላል። የተቀደደ ሜኒስከስም ምንም ላያም ይችላል። ይሄ ግምት አይደለም። አሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆነ 991 ሰዎች ጉልበት በኤምአርአይ ታይቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኙት ውስጥ 61 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ሕመምም ድርቀትም አልነበራቸውም። ስለዚህ የ58 ዓመት እናታችን ስግደት ላይ ጉልበቷን አመማት፣ ኤምአርአይ ላይም «ተቀዷል» የሚል ወጣ ማለት ሕመሙ ከመቀደዱ መጣ ማለት አይደለም።

ሪፖርቱ ላይ ሰው የሚያስደነግጡ ቃላት አሉ። ሜኒስከስ ላይ ግሬድ 1 እና ግሬድ 2 የሚባሉት የውስጥ ለውጦች ናቸው፤ ቅድ አይደሉም። ቅድ የሚባለው ወደ ገጽታው የደረሰው ግሬድ 3 ነው። ግሬድ 2 ተብሎ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ለመሄድ ብር የሚያሰባስብ ቤተሰብ ካለ መጀመሪያ ሪፖርቱን ለአጥንት ሐኪም ያሳይ። ወረቀቱን ብቻ አትያዙ፤ ሲዲውን ወይም ፊልሙን ያዙ። ጥሩ ሐኪም ምስሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል።

አርትሮስኮፒ፦ ካሜራውም ቢላዋውም

ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ እ.ኤ.አ. በ1918 የሬሳ ጉልበት ውስጥ በመመልከቻ ቱቦ አየ። የአገሩ ልጅ ማሳኪ ዋታናቤ ደግሞ መሣሪያውን ለሥራ የሚያመች አድርጎ በ1962 በዚያው መንገድ የተቀደደ ሜኒስከስ ቆርጦ አወጣ። ዛሬ የሚገባው ካሜራ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ከሎሚው በታች ግራና ቀኝ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ሁለት ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ጉልበቱ በጨዋማ ፈሳሽ ይወጠራል፣ ምስሉ በስክሪን ይታያል።

ሐኪሙ በሁለተኛው ቀዳዳ ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ብረት ያስገባል። የሜኒስከሱን ጠርዝ በእሷ ያነሳዋል፤ ተቀዶ ከሆነ ከፍ ብሎ ይገለበጣል። መስቀለኛውን ጅማት ይጎትታል፤ የተበጠሰ ከሆነ ይልላል። ልም አጥንቱን ይጫነዋል፤ ጤነኛ ከሆነ ጠንካራ ነው፣ የታመመው ይሰረጉዳል። ኤምአርአይ ይቺን መንካት የለውም። ለዚህ ነው አርትሮስኮፒ ለልም አጥንት ጉዳት እስካሁን የመጨረሻው ዳኛ የሚባለው።

ግን ቀዶ ጥገና ነው። ማደንዘዣ አለው፣ በወገብ ወይም በሙሉ። ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ከተከሰተ ግን ከባድ ነው። ባት ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ለማየት ብቻ መግባት ዛሬ አይመከርም። ኤምአርአይ ማድረግ የማይችል ሰው፣ ወይም የእጅ ምርመራውና ምስሉ ተቃርነው ጉልበቱ አሁንም የሚከዳው ሰው ልዩ ሁኔታ ነው።

ለጥገናም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። ሂዩስተን ውስጥ 180 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ልም አጥንቱ ላለቀ ጉልበት በአርትሮስኮፒ ማጠብና መጥረግ ቆዳ ብቻ ከተቀደደላቸው የተሻለ ውጤት አላመጣም። ፊንላንድ ውስጥም ከ35 እስከ 65 ዓመት የሆኑ 146 ሰዎች ታይተዋል። ሜኒስከሳቸው በዕድሜ የተቀደደ ነበር። ሜኒስከሱ ተቆርጦላቸውም በማስመሰያው ቀዶ ጥገናም ከዓመት በኋላ ልዩነት አልታየም፤ ይሄ በ2013 ወጣ። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ፣ ያልተቆለፈ፣ ቀስ ብሎ የሚያም ጉልበት ይዞ «በካሜራ ይጠረግልኝ» ማለት ብርንም ጉልበትንም ማባከን ነው።

የትኛው ለማን

የ22 ዓመት ተጫዋች «ጧ» ሰምቶ ያበጠበት ከሆነ፦ መጀመሪያ ምርመራ፣ እንደ ሁኔታው ራጅ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ዳግም ምርመራ። ላክማኑ ልል ከሆነ ኤምአርአይ ይገባዋል። ጅማቱን ለማረጋገጥ ብቻ አይደለም፤ አብሮ የተቀደደ ሜኒስከስ አለ ወይ የሚለው የቀዶ ጥገናውን ጊዜ ስለሚወስን ነው። የሜኒስከስ የውጭ ጠርዝ ደም ስለሚያገኝ በክር ሊሰፋ ይችላል፤ ሲቆይ ግን ዕድሉ ይቀንሳል። እስከዚያ ፊዚዮቴራፒ አይቁም። ስዊድን ውስጥ 121 ወጣቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። በፊዚዮቴራፒ ጀምረው ካስፈለገ ብቻ ቀዶ ጥገና እንዲያደርጉ ከተመደቡት ከግማሽ በላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዶ ጥገና አላደረጉም። ወደ ኳስ መመለስ የሚፈልግና ጉልበቱ የሚከዳው ልጅ ግን አዲስ ጅማት ያስፈልገው ይሆናል። ከዚያ በኋላም ቢያንስ 9 ወር ትዕግሥት።

ጉልበቱ ተቆልፎ የማይዘረጋ ከሆነ አትጠብቁ። በሳምንቱ ውስጥ ኤምአርአይና የአጥንት ሐኪም፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ አርትሮስኮፒ። እዚህ ላይ ቁጠባ ኪሳራ ነው።

የውስጠኛው ጎን ጅማት ብቻ ከተጎዳ፣ ከጎን ተመትቶ ጉልበቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰው ማለት ነው፣ አብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል። የሐኪም እጅና የጉልበት መደገፊያ ይበቃል። ሐኪሙ ሌላ ጅማት ካልጠረጠረ ኤምአርአይ ይቅር።

ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ያለ አደጋ ያመመው ሰው ቆሞ ራጅ ይነሳ፣ ክብደቱን ይመልከት፣ የጭን ጡንቻውን ለሦስት ወር ያጠንክር። ካልተሻለው ያኔ እንነጋገር።

አዲስ አበባ መሄድ ከመጣ

ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጤና መድኅን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር ወረቀት ማሟላታችሁን አረጋግጡ፤ ደረጃውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የምርመራ ወረቀቱን፣ ራጁንና ሲዲውን በአንድ ፌስታል ያዙ፤ ያለዚያ ሁሉም ከእንደገና ይታዘዛል።

ለቀዶ ጥገናው ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙን የምትጠይቁት ይሄ ነው። ሜኒስከሱ የሚሰፋ ሆኖ ቢገኝ መስፊያው አለ ወይስ ቆርጠው ነው የሚያወጡት? ጅማት የሚተካ ከሆነ ከየት ይወሰዳል? አዲሱን ጅማት የሚይዘው ብሎን በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ ይገዛል? የቀዶ ጥገናውን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ይሰጡኛል? ለፊዚዮቴራፒስቴ የሚሆን የጽሑፍ መመሪያ ይጽፉልኛል? የመጨረሻዋን አትርሱ። ሀዋሳ የሚጠብቃችሁ ፊዚዮቴራፒስት ስንት ዲግሪ ማጠፍ እንደተፈቀደና መቼ መርገጥ እንደሚቻል ካላወቀ በግምት ነው የሚሠራው። ሜኒስከስ የተሰፋለትና የተቆረጠለት ሰው ደግሞ ማገገሚያቸው አንድ አይደለም።

ስትመለሱ በማግስቱ ረጅም መንገድ ላይ አትውጡ፤ ሐኪሙ መቼ እንደሚሻል ይንገራችሁ። መንገድ ላይ እግሩን ዘርግታችሁ የምትቀመጡበት ወንበር ያዙ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሱ፣ ባቱ (ዝዋይ) እና ሻሸመኔ ላይ ወርዳችሁ በክራንች ትንሽ ተራመዱ። ባታችሁ በአንድ ወገን ቢያብጥና ቢያም፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራችሁ፣ ቤት ሳትገቡ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።